ከሃያ ኪሎ በታች

ሥራዬ ሚዛን ነው። ከፉሪ ጋራ ግርጌ፣
በቆርቆሮ ቤቴ፣ ባንዲት መስኮት ጥጌ፣
መኪናው ሙሉውን ሲገባ እጽፋለሁ፣
ባዶውን ሲወጣ ደግሜ አያለሁ፤
ከሙሉው ባዶውን ቀንሼ የሚቀር
እሱ ነው የከተማው ያደረ ሚስጥር፦
የጎመን ግንጣይ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የሕፃን ዳይፐር፣
የሠርግ ማግስት አጥንት፣ የተቀደደ ደብተር።

አምና በሰኔ ላይ አንድ ደብዳቤ መጣ፣
ክብ ማኅተም ያለው፣ ከበላይ የወጣ፦
«ከደረቅ ቆሻሻ መብራት ላወጣ ሰው
በየቶኑ ሂሳብ ማበረታቻ አለው።»
መሬቱ በነፃ፣ ቀረጡ ተነሥቶ፣
ግብሩ ላምስት ዓመት በይደር ተረስቶ።

አልከፋኝም እኔ። ጥሩ ሕግ ነው አልኩኝ፤
በሻማ ቁጥር የደመርኩ ሰው ነኝ።
ሽታ ብርሃን ከሆነ ምን ቀረን ብዬም
ለሾፌሩ ቱፋ አውርቻለሁ እኔም።

ከዚያ ሐምሌ ገባ።

አቤት የሐምሌ መኪና!
ሸራውን ገፎ፣ አፉን ለሰማይ ከፍቶ፣
ጥቁር ውሃ እያንጠባጠበ፣ እያቃሰተ መጣ፤
ግንቦት ላይ ስድስት ቶን የነበረው ዘጠኝ ሆኖ ወጣ።
«ቱፋ፣ ሸራህስ?» ብለው፣ እጁን በመስኮት ዘረጋ፣
ጠብታውን አሳየኝ፦ «ይኼስ ያለ ዋጋ?»

እኔም ጻፍኩ። ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
መንግሥት ለዝናቡ በቶን ከፈለለት።
ምድጃው እርጥቡን ሲያጎርሱት እያሳለው፣
ናፍጣ እየጠጣ ነው ቀኑን የሚውለው።

ዘነበች ትባላለች። ስሟ ነው፤ አልቀለድኩም።
ከምድጃው ቀድማ ነው የመጣች፤ ከኔም፣ ከሕጉም።
በመንጠቆ ብረቷ ክምሩን ታነባለች፣
ሃይላንዱን ካጥንቱ፣ ሽቦውን ከጨርቁ እንደ ምስር ትለቅማለች፤
ለቆራሌው ሸጣ ሁለት ልጅ አስተማረች።
ዘንድሮ አጥር ታጠረ። ጥበቃው ከበሩ፣
«ፕላስቲክ አይወጣም» አላት፤ «እሱ ነው ለእሳቱ ማገሩ።»

ነሐሴ፣ ወደ ማታ፣ የመጨረሻው መኪና ሲሄድ
መጣች። ኬሻዋን ከጀርባዋ አወረደች።
«ወረቀቱ የሚለው ደረቅ ነው አሉ» አለች።
«እስኪ እየው፤ ጠብታ የለበትም፣ ጣሪያ ሥር አሳድሬው፣
ክዳኑን ለብቻ፣ ጠርሙሱን ረግጬ አጣጥፌው።
በቶን ከሆነ ሂሳቡ፣ እኔም ልመዘን፤
በቆራሌው ሚዛን አሥራ አንድ ነው፤ ከቶን ስንተኛው ይሆን?»

ምን እላታለሁ? «ከነኬሻሽ ውጪበት» አልኳት።

ሰማንያ ቶን የሚችል ብረት ላይ፣
የመኪና ጎማ ባረሰው ጭቃ መሃል፣
ቀጥ ብላ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣
ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው።
ቁጥሩ ተንቀጠቀጠ። ስልሳ አለ።
«አሁን ኬሻውን አውርጂው፤ ከብረቱ ውጪ።»
አወረደችው።
ቁጥሩ አሰበ፣ አሰበ። ስልሳ አለ።

ከሙሉው ባዶውን ቀነስኩ፦ ምንም።
ይህ ሚዛን ከሃያ ኪሎ በታች አያውቅም።

ቀዩን ቁጥር አየችው፤ ቀጥሎ ሰማዩን።
«ዝናቡንስ ያውቃል?»
«ያውቃል።»
«እንግዲያው ስሜን ጻፈው» አለች ኬሻዋን አንሥታ፣
«ስሜ ይከፈልበታል።»
ሳቋ አጥሩን ተሻግሮ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር፣
ኬሻው እንዴት እንዳለፈ ግን ጥበቃውም እኔም አላየንም።

ያን ማታ በመዝገቡ፣ ከቱፋ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ሥር፣
አንድ ቃል ጻፍኩ፤ ያለ ኪሎ፣ ያለ ታርጋ ቁጥር።

በጥቅምት ተቆጣጣሪ መጣ፣ ጫማው የጸዳ፤
ገጽ በገጽ ሲገልጥ ጣቱ መስመሯ ላይ ቆመ።
«ዘነበች? ይህች ምንድን ናት?»
«ክረምቱ ነው ጌታዬ፤ ለማስታወሻ ያህል።»
«ጎበዝ» አለኝ።
በአረንጓዴ እስክሪብቶ ምልክት አድርጎባት
ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።